በአለሚቱ ስንዝር

በነቢዩና በአለሚቱ መካከል የቆመው ነገር ብዙ ነበር። የመሬት ነገር ነበር፤ የአባት ቅያሜ ነበር፤ ሮቤራ የሚባል የዱከም ሰውና ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪናው ነበሩ። ከሁሉም የባሰው ግን አንድ ጉብታ ነበር፤ መንገድ መሐል የተጋደመ፣ ሣር ያበቀለ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ጉብታ።

ኮዬ ፈጬ የመጨረሻው ብሎክ ሲያልቅ አስፋልቱም ያልቃል። ሚኒባሶቹ እዚያ ይዞራሉ። ረዳቶቹ ወርደው ጎማ በእርግጫ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ከዚያ ወዲያ ጥቁር መሬት ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሰው ጫማ የሚያስቀር። ከጥቁሩ መሬት ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የኦቦ ደበላ ቤትና ላሞቻቸው አሉ። አለሚቱ የእሳቸው ልጅ ናት።

ነቢዩ ከእናቱ ከወይዘሮ በላይነሽ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ብሎኩ የቆመበት ቦታ ቀድሞ የኦቦ ደበላ አውድማ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ አውድማው ላይ ሲደርስ ኦቦ ደበላ ላሞቻቸውን ነድተው ወደ ባሕር ዛፎቹ ፈቀቅ አሉ። ማንም ላይ አልጮኹም። ልጃቸውን የሚፈልጋት ጎረምሳ የየትኛው ብሎክ ሰው እንደሆነ የሰሙ ዕለት ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለነቢዩ የነገረችው ራሷ አለሚቱ ናት።

«ጤፌ ላይ አልጋ ዘርግቶ የሚተኛ ልጅ» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነቢዩ ሲጋደም ጎኑን ይቆረቁረዋል። ፍራሹ አዲስ ነው።

ሥራው መኖ ማመላለስ ነው። ከቃሊቲ ፋብሪካዎች ፉርሽካና ፋጉሎ ጭኖ ላም ላላቸው ሰዎች ያደርሳል። ፒካፗ ነጭ፣ አሮጌ፣ ባለ አንድ ዲፍረንሻል ናት። የሚሠሩት የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ናቸው፤ የፊቶቹ እንደ ሹም እየተገፉ ይሄዳሉ። ሆዷ ለመሬት ስለሚቀርብ ለኦቦ ደበላ ቤት የሚሆነውን ጭነት ሁልጊዜ የሚያወርደው አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነው። አለሚቱ ሁለት አህያ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ የተያዩት እዚያ ነው። ጆንያ ሊያነሣላት ሲል ቀድማው ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች፤ ዞር ብላ አየችው። አጭር አስተያየት ነበር። ነቢዩ ግን ጭነቱን ብቻዋን አውርዳ እስክትጨርስ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ መርዳት ትዝ አላለውም። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንደገባ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

ያ ሁሉ ሆኖ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው ሽማግሌ የተላከው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ታላቁ አባባ ወልደሚካኤል፣ ከነቢዩ ሟች አባት ጋር ምድር ባቡር ያገለገሉ፤ አፋቸው ማር፣ ጉልበታቸው ግን ከጡረታ በፊት ጡረታ የወጣ። ሁለተኛው ሐጂ መንሱር፣ የወሎ ሰው፣ የመኖ ነጋዴ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ የሚያስብ። ሦስተኛው የዕድሩ ዳኛ። በደንቡ ለጋብቻ የሚጠይቀው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እሺ ሳይባል የልጅቷን ደጅ ከረገጠ ልመናው ረከሰ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የሰፈር ሾፌር ተለምኖ በነቢዩ ፒካፕ ይዟቸው ሄደ። መንገዱ መሐል ፒካፗ ጉብታው ላይ በሆዷ ተኛች፤ የኋላ ጎማዎቿ ባዶ ዞሩ። በትራክተር ተጎትታ ተመለሰች። ሾፌሩም ሁለተኛ ለሰው ጋብቻ አልሞትም አለ።

ኦቦ ደበላ ከደጃቸው ሆነው ከሩቅ፣ በዝናብ መሐል ያዩት ሌላ ነው። ነጭ መኪና ሲመጣ አዩ፤ ሲቆም አዩ፤ ሲመለስ አዩ። ጭቃዬን አይተው ለጫማቸው ሳሱ አሉ። እግሩ ደጄን ያልረገጠ ሽማግሌ ለእኔ ሽማግሌ አይደለም አሉና፣ አለሚቱን ለሚጠይቁት ለሮቤራ ሰዎች እሑድ ኑ ብለው ላኩባቸው።

አለሚቱም ያንኑ አመነች። ለነቢዩ የላከችለት መልእክት አንድ መስመር ነበር፤ ጫማቸውን መረጡ ወይ የሚል። ነቢዩ ምን ብሎ እንደሚመልስ ጨነቀው። ሲጽፍ ሲያጠፋ ቆየና በመጨረሻ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ የፒካፗን ሆድ ፎቶ አንሥቶ ላከላት። ከብረቱ መሐል ጭቃና ሣር ተሰክቷል።

አለሚቱ ሣሩን አወቀችው። በየጠዋቱ ለጥጃዋ የምታጭደው ከዚያ ጉብታ ላይ ነው። ስልኩን ይዛ በረት ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ላሞቹ መታለባቸውን ረስተው እሷን ያዩ ጀመር። ባልሆነ ነገር ልቧን ያጠቆረችበት ሰው መኪናው በሆዷ እስክትተኛ ድረስ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

*

በእግር ለምን አይሄዱም ያሉ ነበሩ። ለአባባ ወልደሚካኤል ጉልበት ያ ጭቃ ባሕር ነው፤ ያለ እሳቸው ደግሞ የቀሩት ሁለቱ አፍ የላቸውም። ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ለምኑ ያሉም ነበሩ። በአካባቢው ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ያለው የሚታወቅ ሰው ሮቤራ ነው።

ስለዚህ ነቢዩ መኪናዋን ወደ ሸኪብ ወሰዳት።

ሸኪብ ባሌስትራ ሠሪ ነው፤ መኪና ከጎማዋ በላይ የምትንተራሰውን ድርብርብ ብረት የሚያበጅ። ቃሊቲ ውስጥ የጭነት መኪኖች ከሚሰለፉበት ጀርባ፣ አባቱ ከወሎ መጥቶ በከፈተው ግቢ ውስጥ ይሠራል። ሲናገር ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ የተናገረው ቀልድ መሆኑ የሚታወቀው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው።

«ምን ትጭናለህ?» አለው።

«ሽማግሌ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

«ሐጂ መንሱር አሉበት?»

«አሉበት።»

ሸኪብ ትንሽ አሰበ። «ከኋላ አንድ ባሌስትራ እንጨምራለን» አለ።

ግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ነበሩ፤ ነገሩን ሰምተው ተጠጉ። ባለ አንድ ዲፍረንሻል መኪና ከፍ ቢያደርጓት ምን ትሆናለች፣ ከፍ ብላ ትሰምጣለች ብለው ሳቁ። ነቢዩ ግን አልሳቀም። የትራክተር ጎማ ፈለጉን ሲያርሰው ኖሮ ከታች ድንጋይ ላይ ደርሷል፤ ጎማ የሚይዘው አያጣም፤ የሚያግዳት ሆዷን የሚነካው ጉብታ ብቻ ነው ብሎ አስረዳ። ይህን ሁሉ የነገረችው አለሚቱ ናት። በድምፅ የላከችለትን መልእክት ስንት ጊዜ እንደሰማው እሱ ያውቃል። ድምፅዋ ውስጥ ዝናብ አለ፤ ከኋላዋ ላም ታገሣለች። እሷ እየተራመደች የጉብታውን ነገር ትናገራለች፤ የት ላይ እንደሚያብጥ፣ የት ላይ እንደሚያዘነብል፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚተኛ። ሰው ስለ ፍቅር ሲናገር ሰምቶ ያውቃል፤ ስለ ጭቃ እንዲህ ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ከመስማቱ ብዛት ረግጦት የማያውቀውን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ሊነዳው የሚችል መሰለው።

ሸኪብ ጠመኔ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ጉብታውን ሣለ። ከላዩ የፒካፗን ሆድ ሣለ። ከዚያ ሥራውን አንድ በአንድ ነገረው። የፊት እግሯ የቆመው በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ መወጠሪያ ብሎኑን ሲያጠብቁት አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ከልክ ካለፈ ግን አንገቷ ይደርቅና መገጣጠሚያዋን ትበላለች። የኋላው ደግሞ በአክሱ፣ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ፣ እና በባሌስትራው መሐል የብረት ትራስ ይገባል። ሁለቱ እኩል መነሣት አለባቸው። ፊቷ ብቻ ከተነሣ ቁጢጥ ያለች ውሻ ትመስላለች፤ ኋላዋ ብቻ ከተነሣ ለስግደት የተደፋች።

«የፍሬኑንም ቱቦ እናስረዝማለን» አለ። «አለበለዚያ ይወጠርና አንድ ቀን ይበጠሳል። ደግሞ ሌላ ቀን አይበጠስም፤ የሠርግህ ቀን ነው የሚበጠሰው።»

ትልልቅ ጥርሳም ጎማዎች ሊያውሰው ተስማማ። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው እንዲይዙ ጥቂት ጆንያ ፋጉሎ ከአክሱ በላይ እንዲጭን፣ ኩርባ ላይ ደግሞ እንዳይቸኩል አስጠነቀቀው፤ ከፍ ያለ መኪና ኩራት አለው፣ ኩራት ደግሞ ይጥላል አለ።

«ጉብታው ስንት ነው?»

ይህንንም ያመጣችው አለሚቱ ናት። ዝናቡ ሲያባራ ወጥታ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ በጣም ያበጠው ቦታ ላይ እጇን ዘርግታ ለክታዋለች።

«አንድ ስንዝር ከአራት ጣት» አለ ነቢዩ። መዳፉን ግድግዳው ላይ ዘረጋ፤ ሸኪብ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ነቢዩ ለልቡ ማረፊያ ብሎ አንድ ጣት ጨመረበት።

የማን ስንዝር ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከሾፌሮቹ የሚሳለቅም አልቀረም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን የጠመኔ መስመር፣ አንድ ሰው ሚስት ለማግኘት ከመሬት መነሣት ያለበትን ልክ፣ ሁሉም ያዩዋት ነበር።

*

ዓርብ ዕለት የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ለጁምዓ ሰላት አዛን ተሰማ። ሸኪብ እጁን ታጥቦ ራቅ ብሎ ቆመና መኪናዋን አያት።

«ፒካፕ ነበር ያመጣኸው?» አለ፤ ሄደ።

ነቢዩ ወደ ቤቱ ሲነዳት ሰው ሁሉ ቀና ይል ነበር። ማረሚያ ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዘው የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አዞሩ። አንድ ጥበቃ የሚያጣራው ነገር ያለ ይመስል ሁለት እርምጃ ተራምዶ ተወው። ከላይ ሆኖ ሲያይ ቃሊቲ ሌላ አገር ነው። የሚኒባስ ጣሪያ አየ፤ ጣሪያው ላይ የተረሳ ጫማ አየ። የባቡሩን ሽቦ በእጁ የሚነካው መሰለውና አንገቱን ሰበር አደረገ።

ከሰዓት በኋላ አለሚቱ ወተት አድርሳ ስትመለስ ፒካፗን ብሎኩ ሥር አገኘቻት። ቦት ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ በእጇ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። ቆመች። ዞረቻት። ጎንበስ ብላ በሆዷ ሥር ወደ ማዶ አየች፤ ማዶ የቆመ ሰው እግር ይታያል።

«ከሥሯ ጥጃ ያልፋል» አለች።

«ነገ ጉብታው ያልፋል» አለ ነቢዩ። የተዘጋጀበት ንግግር ነበር፤ ሲወጣ ግን ድምፁ ቀጠነበት።

አለሚቱ ጀሪካኑን አስቀመጠች። እጇን ዘርግታ ከመሬት እስከ መኪናዋ ሆድ ለካች፤ አንድ ስንዝር፣ አራት ጣት። ከዚያም በላይ ገና የሦስት ጣት ቦታ ቀረ። ደግማ ለካች።

«ነቢዩ፣ እኔ ያልኩህ ይሄን አይደለም።»

«ነው እንጂ።» ጎንበስ ብሎ እጁን ከእጇ አጠገብ ዘረጋ። ሁለቱም አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ቆሙ። እሷ መዳፏን አነሣች፤ እሱም አነሣና መዳፍ ለመዳፍ ገጠሙ፤ አውራ ጣት ከአውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት ከትንሿ። የእሷ ጣቶች የእሱ ጣቶች የመጨረሻ አንጓ ላይ አለቁ። እጇ ሻካራና ሞቃት ነበር። በዚህ እጅ ጆንያ ይነሣል፣ ላም ይታለባል፣ በዚህ እጅ መንገድ ተለክቶለት ነበር። ነቢዩ ትልቅ ነገር በመጠኑ ብቻ ትልቅ የሚሆን መስሎት ሲኖር የነበረ ሰው ነው፤ እዚያው ቆሞ ሐሳቡን ለወጠ።

ከላይ በየበረንዳው የደረቀ ልብስ ሊያነሡ የወጡ ሴቶች ነበሩ። ሲያነሡ ቆዩ፤ ያልደረቀውንም አነሡ።

ነቢዩ እጁን ሳያወርድ አሁኑኑ ወስዶ ዝቅ እንደሚያስደርጋት ነገራት። አለሚቱ ራሷን ነቀነቀች። ሸኪብ ከሰላት በኋላ ግቢውን እንደማይከፍት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የመጨረሻው ጠዋት ነው።

«እንዳለች ትምጣ» አለች። ቀጥሎ ያለችውን ግን ዓይኑን እያየች አልነበረም፤ የተጋጠሙትን እጆች እያየች ነበር። «ስማኝ። እሑድ የሮቤራ ሰዎች አባዬ ፊት ከቆሙ አበቃ። እኔ አልኮበልልም። አባዬ መሬታቸው ሳይጠየቁ ነው የሄደባቸው። እኔም ሳይጠየቁ የምሄድባቸው ሁለተኛ ነገር አልሆንም። ብትወደኝ ሰዎችህ ይምጡ፤ ደጁን ይርገጡ፤ ይጠይቁኝ።»

«ባይፈቅዱስ?»

«ተጠይቀው እምቢ ካሉ እሱ የእሳቸው ነው። ሳይጠየቁ ከቀሩ ግን የእኔና የአንተ ነው።»

ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። ነቢዩ አስፋልቱ እስኪያልቅ በዓይኑ ተከተላት፤ ጭቃው ውስጥ ስትገባም ተከተላት። መዳፉን ጨብጦ ነበር፤ ውስጡ ያለው ሙቀት እንዳይወጣበት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን አድርገው ወረዱ፤ ሐጂ መንሱር ኮፊያቸው ነጭ በነጭ። ፒካፗን አይተው ሦስቱም አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አባባ ወልደሚካኤል በሩን ለመድረስ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። በሳቸው ዕድሜ የሦስት ጣት ትርፍ ተራራ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ ሮጠው ወጥተው ወንበር አመጡ፤ በወንበሩ ላይ አንድ ሰው እየደገፈ፣ አንድ ሰው እየገፋ፣ ሁለቱ ታላላቆች ጋቢና ገቡ። የዕድሩ ዳኛ ከኋላ ፋጉሎው ጆንያ ላይ ጃንጥላ ይዘው ተሰየሙ። የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነቢዩ ራሱ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አውርዶ መሪውን ያዘ። ሾፌር ነው ተባለ፤ ሾፌር ከመኪናው አይወርድም፣ ማንም አያየውም፣ ደንቡም አይፈርስም። ወይዘሮ በላይነሽ መረቋቸው። ፒካፗ ሄደች። ወንበሩ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ጥቁሩ መሬት ላይ ሲወርዱ ነቢዩ ትንፋሹን ያዘ። ጎማዎቹ በፈለጉ ውስጥ ሰመጡ፣ ድንጋዩን አገኙና ያዙ። ጉብታው መጣ፤ ሣሩ ረዝሟል። ከብሎኖቹ መሐል አንዱ የሚጮህ መሰለው። የመጣው ግን ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር፤ ሣሩ ከሥራቸው የመኪናዋን ሆድ እየዳበሰ ሲያልፍ፣ ሰው ሐር ላይ እጁን ሲያሳልፍ እንደሚሰማው ዓይነት። ያ ድምፅ እስኪያልቅ መንገዱም አለቀ።

አባባ ወልደሚካኤል በመስኮቱ ያዩ ነበር። ውሃ የተኛበት ሜዳ ሰማዩን ሞልቶ ይዞታል፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሰማዩን እየረገጡ ይሄዳሉ። አዲስ የበቀለው ጤፍ ጥቁሩ አፈር ላይ እንደ አረንጓዴ ትንፋሽ ነው። ኋላቸው ብሎኮቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ከዚህ ሲታዩ የሚያስፈሩ አይደሉም፤ የሚጠብቁት ሰው ያላቸው ይመስላሉ።

«ይህን አገር በባቡር ስንት ዘመን አለፍኩበት» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ለካ አላየሁትም።»

ሐጂ መንሱር ሱብሐነላህ አሉ።

*

ኦቦ ደበላ ከበረንዳቸው ምሰሶ አጠገብ ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ቦት ጫማቸው ላይ የበረት ጭቃ አለ። ነጯ መኪና ስትመጣ አዩ። ከፍ ብላ፣ እየተወዛወዘች፣ ከኋላዋ ጃንጥላ ተክላ መጣች። እንደ ባለፈው የምትመለስበትን ጊዜ ጠበቁ። አልተመለሰችም። ግቢው ውስጥ ገባች፤ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። አባባ ወልደሚካኤል አንድ እግራቸውን አወጡ። እግራቸው መሬት ፈለገ፤ አላገኘም። ወደ ታች አዩ። ወንበሩን ፈለጉ። ወንበሩ ኮዬ ፈጬ ነው።

ሐጂ መንሱር መሐል ላይ ነበሩ። የዕድሩ ዳኛ ከላይ ነበሩ። ታላቅ ሳይወርድ ታናሽ አይወርድም። ነቢዩ ወርዶ ሊደግፋቸው ይችል ነበር፤ ወርዶ ያን ደጅ ከረገጠ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል። አለሚቱ ከበሩ ኋላ ነበረች፤ የምትጠየቅ ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ደንቡን ጠብቆ ተቀመጠ። የአባባ ወልደሚካኤልም እግር ደንቡን ጠብቆ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ኦቦ ደበላ አልተንቀሳቀሱም። እግሩ ደጄን ያልረገጠ ሽማግሌ ለእኔ ሽማግሌ አይደለም ያሉት ቃል ግቢው መሐል የቆመ ያህል ይታይ ነበር። ዞር ብለው ቢገቡ ጥፋት የለባቸውም። መጡ፣ አልወረዱም፣ ሄዱ ይባላል። ነቢዩ ይህን ያውቃል። መሪውን ጨብጦ ዓይኑን ከጉልበቱ አላነሣም። ልኩን ሁሉ ለክቷል፤ ብረቱን፣ ጉብታውን፣ የሐጂ መንሱርን ክብደት። የሰው እግር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ አልለካም።

«ኦቦ ደበላ» አሉ ሽማግሌው ከላይ ሆነው። ድምፃቸው ውስጥ ልመናም ኩራትም አልነበረም። «መጥተናል። ያቃተን መውረዱ ነው።»

አንዲት ላም በረት ውስጥ ሰንሰለቷን ጎተተች።

ኦቦ ደበላ ከበረንዳው ወረዱ። ጭቃውን እየረገጡ መጥተው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሽማግሌው አልነበረም፤ ወደ ጎማው ነበር። ጥርሱን ዳበሱት። ጎንበስ ብለው አዲሱን ባሌስትራ አዩ፣ የብረቱን ትራስ አዩ፣ የመኪናዋን ሆድ አዩ። ጉብታቸውን ያውቁታል። ባለፈው መኪናዋ የተመለሰችበት ቦታ አሁን በሐሳባቸው ተመልሶ መጣ፤ ያኔ የቆመችው ጫማ ለማዳን እንዳልነበረ ገባቸው። ቀና ሲሉ ፊታቸው የቅድሙ ፊት አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ለዚያች ጉብታ?» አሉ።

«ለጉብታው አይደለም» አሉ አባባ ወልደሚካኤል። «ለደጅህ ነው።»

ኦቦ ደበላ ሁለት ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ኮታ» አሉ፤ በኦሮምኛ ኑ ማለታቸው ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚባለውን።

ሽማግሌው እጃቸውን በባለቤቱ አንገት ላይ ጣሉ፤ ኦቦ ደበላ ከጉልበታቸው ሥር አቅፈው አወረዷቸው። መሬት ላይ ግን አላስቀመጧቸውም፤ ጭቃው የሽማግሌ ጭቃ አልነበረም። እንዳቀፏቸው ግቢውን አቋረጡ። ሁለት ሽማግሌ ጎረምሶች ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ከወንዝ የሚያሻግር። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ሲደርሱ አባባ ወልደሚካኤል ደንቡ ትዝ አላቸው። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀመጥም፤ ተቀመጥ ማለት እሰማለሁ ማለት ነው።

«አልቀመጥም» አሉ በሰው ክንድ ላይ ሆነው። «ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም።»

«ታዲያ እንደ ታቦት ተሸክሜዎት ልቁም?»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ኦቦ ደበላ ክንዳቸው ላይ ያሉትን ሰው አዩ። ሽማግሌው ቀላል ነበሩ፤ ከአንድ ጆንያ ፉርሽካ የማይበልጡ። ይህ ሁሉ ብረትና ጎማ የተነሣው ይህን ያህል የቀለለ ሰው ደጃቸው ለማድረስ ነበር። የሽማግሌው እስትንፋስ አንገታቸው ሥር ይሰማቸዋል። ከተማው ሲመጣ በማሽን መጣ፣ በወረቀት መጣ፣ በፎቅ መጣ፤ እንዲህ ሆኖ፣ ታቅፎ፣ ፈቃድ እየጠየቀ መጥቶባቸው አያውቅም። ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው፤ የጋቢያቸውንም ጫፍ ከጭቃ አነሡላቸው።

ሐጂ መንሱርን ማንም አልተሸከመም። እጃቸው ተይዞ በራሳቸው ወረዱ፤ ፒካፗ ከኋላቸው ከፍ ብላ እፎይ አለች። የዕድሩ ዳኛ ጃንጥላቸውን አጥፈው ተከተሉ። ሦስቱም ተቀመጡ፤ የመጡበትን ተናገሩ። ኦቦ ደበላ ግን ከእነሱ ጋር አልተቀመጡም። ተመልሰው ጭቃውን አቋርጠው ወደ ሾፌሩ በር መጡ።

ነቢዩ ኮፍያው ሥር የገዛ እጁን ያይ ነበር። የመስኮቱ መስተዋት ክፍት ነው። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ይሰማዋል፤ እንደ ፀሐይ።

«አንተ ሾፌር» አሉ ኦቦ ደበላ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ነው አሉኝ ቤትህ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኛ አውድማው ላይ ስንወቃ ሌሊት ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር የሚመጣው። አሁንስ?»

ነቢዩ ቀና አለ። የሚጠብቀው ጥያቄ አልነበረም። «አሁንም ከምሥራቅ ነው» አለ። «መስኮቴን ይመታዋል። በመኸር የገለባ ሽታ ይዞ ይመጣል።»

ኦቦ ደበላ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ብሎኮቹ መለሱ፤ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ ተይዞ የቆየ የሰው ትንፋሽ ሲለቀቅ ተሰማ።

«አባባን ያቀፍኩት ጉልበት ስለሌላቸው ነው» አሉ። «አንተ ጉልበት አለህ። በእግርህ ውረድ።»

ደጄን ርገጥ ማለት እሺ ማለት ነበር፤ ነቢዩ በሩን ከፈተ። ከፍታው ከገመተው በላይ ነበር። ጥቁሩ መሬት ከሥሩ ረጥቦ፣ ለስልሶ፣ ያበራል፤ ስንት ጊዜ ተኝቶበት አንድ ቀን ረግጦት የማያውቀው መሬት። ዘለለ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያዘው። አለሚቱ በሩን ከፍታ ስትወጣ ያየችው እንደዚያ ቆሞ ነው፤ መሬቱ አለቀቀውም፣ እሱም አልታገለም።